ኤች ፒ ቪ ይድናል ወይ? ከሐሙሲት እስከ ጥቁር አንበሳ

ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን እንደ ጠያቂዋ ይለያያል። የ22 ዓመት ወጣት «ይድናል ወይ?» ስትልና ሰባት ወልዳ ካረጠች በኋላ ደም ማየት የጀመረች እናት ያንኑ ስትል፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም የሚጠየቀው ነገር አንድ አይደለም። የመጀመሪያዋ የምትጠይቀው ስለ ቫይረስ ነው። ሁለተኛዋ ሳታውቀው የምትጠይቀው ስለ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ማንም ምንም ሳይጠይቅ የሚያልፍ፣ አሥራ አምስትም ሃያም ዓመት የሚወስድ ጊዜ አለ። የበሽታው ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ውስጥ ነው።

ሐሙሲት በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በአንድ በኩል ባሕር ዳር በሚኒባስ ብዙም አትርቅም፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች እዚያ አሉ። በሌላ በኩል ወረታ ላይ ታጥፎ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል፤ እዚያም አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ አለ። ካርታ ለሚያይ ሰው ሁሉም ቅርብ ነው። ከአንበሳሜ አልፎ ወደ እስቴ ካለው አገር በእግሯ ወጥታ ለምትመጣ ሴት ግን «ባሕር ዳር ሄደሽ ታዪ» ማለት የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ አብሮ የሚሄድ ዘመድ፣ ቤት የሚጠብቅ ልጅና የባል ፈቃድ ማለት ነው። ሳይንሱን ከዚህ መንገድ ነጥዬ ላወራው አልፈልግም።

ኤች ፒ ቪ አንድ ቫይረስ አይደለም፤ ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ቤተሰብ ነው። ብዙዎቹ ሰውን ሳይጎዱ ይኖራሉ፤ ልጆች እጅ ላይ የሚወጣው ተራ ኪንታሮትም ከእነዚሁ የሚመጣ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፉት ውስጥ ቁጥር 6 እና 11 አብዛኛውን የብልት ኪንታሮት ያመጣሉ። ቁጥር 16 እና 18 ደግሞ በዓለም ላይ ከሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ፤ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም 16ን ደጋግመው ከፊት አግኝተውታል። ነገሩ የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። ኪንታሮቱ ይታያል፣ ያሳፍራል፣ ግን ወደ ካንሰር የመለወጡ ነገር እጅግ ብርቅ ነው። ካንሰር የሚያመጡት ዓይነቶች ግን ለዓመታት አያሳክኩ፣ አያምሙ፣ አይታዩ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ በጭንቀት የምትመጣው ብዙ ጊዜ ካንሰሩ የማያሰጋት ሴት ስትሆን፣ የሚያሰጋት ደግሞ እርሻዋ ላይ ናት።

ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ አይነካውም። ለኤች አይ ቪ እንዳለው በየቀኑ እየተዋጠ የሚያፍነው ክኒንም አልተገኘለትም። ግን መድኃኒት የለውም ማለት አይጠፋም ማለት አይደለም። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ በገዛ ሰውነታቸው የመከላከል አቅም ይገላገሉታል። ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ሳይዘው አይቀርም ይባላል፤ አብዛኛው መያዙንም መዳኑንም ሳያውቅ ያልፋል።

ከአሥር ዘጠኙ ሰው በራሱ የሚድንበት በሽታ ለመድኃኒት ሻጭ ሲሳይ ነው። ዛሬ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «ኤች ፒ ቪን በሦስት ወር ከሥሩ የሚነቅል» የሚባል ቅጠልና ዱቄት ይሸጣል። ገዝታ የጠጣችው ልጅ ከዓመት በኋላ ስትመረመር ቫይረሱ የለም። ትምላለች፣ ለጓደኛዋም ትነግራለች። ሻጩም አልዋሸ ይሆናል፤ እሱም ያየውን ነው የሚያምነው። ዝም ብላ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮም ይጠፋላት እንደነበር የሚነግራት ግን የለም። ቫይረሱ ያልጠፋላት አሥረኛዋስ? እሷ ምስክርነት አትሰጥም። ወይ ታፍራለች፣ ወይ «በትክክል አልወሰድሽም» ትባላለች፣ ወይ ደግሞ መዳኗን አምና ዳግም ሳትመረመር ዓመታት ታሳልፋለች። የእኔ ቅሬታ ከቅጠሉ ጋር አይደለም፤ ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ነው።

በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አካባቢ የዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ። ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ሰውነትን ዘና የሚያደርግ ሙቅ ውኃ ለታመመ መገጣጠሚያ ደግ ነው። ኤች ፒ ቪ ግን የሚኖረው በማኅፀን በር ሽፋን የታችኛው ረድፍ ሕዋሳት ውስጥ ነውና ከውጭ የሚፈስ ውኃ አያገኘውም። ስለ ጸበልም ያው ነው የምለው፤ ሆኖም «ጸበሉን ትተሽ ነይ» የሚል ባለሙያ ታካሚዋን የሚያጣት ይመስለኛል። ጸበሉ ላይ ሰንብታ መመርመር፣ ተመርምራም ጸበል መሄድ ትችላለች። ሁለቱን የሚያጣላው ሰው ነው። የቁልቋል ወተት ነገር ግን ሌላ ነው። እጅ ላይ ላለ ኪንታሮት ሰው ሲቀባው የኖረውን ብልት ላይ ማድረግ ስስ ሥጋን ያቃጥላል፣ ያቆስላል። በነገራችን ላይ ሐኪም ቤት ለብልት ኪንታሮት የሚቀባው ፖዶፊሊንም ከዕፅዋት የሚወጣ ሙጫ ነው። ልዩነቱ መጠኑ መለካቱና የሚቀባው ሰው የት እንደሚያቆም ማወቁ ነው። በብርድ ማቃጠልና በቀዶ ማንሳትም አለ። ሁሉም የሚያጠፉት ኪንታሮቱን እንጂ ቫይረሱን ስላልሆነ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተመልሶ መውጣቱ ያስደነግጣል እንጂ እንግዳ አይደለም።

ጠፋ የተባለ ቫይረስ ጨርሶ ጠፋ ወይስ ተደበቀ? ምርመራው ሊያገኘው አልቻለም ማለት አንዳንድ ጊዜ እንደተዳፈነ እሳት ሥር ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሰውነት አቅም ሲዳከም ከዓመታት በኋላ እንደገና ይታያል። ይህ የሚያስፈራውን ያህል የሚያጽናናም ነገር አለው። በጋብቻ ውስጥ ብዙ ጠብ የሚፈታው በዚህ ነውና።

«ከየት አመጣሽው?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራው ክፍል ደጃፍ ይጠብቃታል። ምርመራው ቫይረሱ መኖሩን ይናገራል፤ መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ አይናገርም። ከትናንት በስቲያ የተያዘችና ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተያዘች ሴት ውጤት ወረቀት ላይ አንድ ነው። በዕድሜዋ ከአንድ ባል በቀር ያላወቀች ሴት ሊይዛት ይችላል፤ እሱ ከሷ በፊት አንዲት ሴት አውቆ ከነበረ በቂ ነው። በደጋው ደግሞ ፈትቶ ማግባት ብርቅ አይደለም፣ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ወራት መክረምም እንዲሁ። ለወንዱ የሚሆን የታወቀ መደበኛ ምርመራ የለም፤ ብዙ ጊዜም ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ወረቀት ይዛ የምትገባው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ወረቀት ያልያዘው ደግሞ ጠያቂ ይሆናል። በእኔ ግምት ውጤት የምትሰጥ ነርስ ልትናገረው ከሚገባት ነገር ሁሉ ቀዳሚው «ይህ የመማገጥ ማስረጃ አይደለም» የሚለው ነው፤ ስለ ሕክምናው ቀጥሎ ይነገራል። ባልየው አብሮ ቢመጣና ከነርሷ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ሚስት ተሸክማ ሄዳ የምትነግረው ሳይንስ ሰበብ ይመስላል።

ከቫይረሱ ጋር መኖር እንደሚፈራው አይደለም። በአንድ ገበታ መብላት፣ በአንድ ዋንጫ መጠጣት፣ ልጅ ማጥባት፣ ልብስ መዋዋስ አያስተላልፈውም። ማርገዝ ይቻላል። በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ የሚተላለፈው ጥቂቱ ነው፤ ከተላለፈም አልፎ አልፎ ቁጥር 6 እና 11 በልጁ ጉሮሮ ውስጥ ኪንታሮት ያበቅላሉ። ለዚሁ የጉሮሮ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሰውነትን መከላከያ በቫይረሱ ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና ለአዋቂዎች ፈቅዷል። ለማኅፀን በር የሚሆን ተመሳሳይ ነገር ገና ሙከራ ላይ ነው። ኮንዶም ይቀንሳል፤ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ግን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ሲጋራ ማጨስ ቫይረሱ እንዲቆይ ያግዛል። ከዚህ ውጪ ያለው ኑሮ ቀጠሮ ማክበር ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

ከአሥር አንዷ ጋር የሚቀረው ቫይረስ የሕዋሱን የእድገት ልጓም ይፈታዋል። ሕዋሱ ሲበላሽ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ቫይረሱ እነሱን ይሰብራቸዋል። የተበላሸው ሕዋስ መባዛት ሲጀምር ቅድመ ካንሰር የሚባለው ቁስል ይፈጠራል። ይህ ቁስል ደግሞ ይድናል። በትክክል፣ በአጭር ጊዜ፣ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ስለ ኤች ፒ ቪ የሚወራው ሁሉ ቫይረሱ ላይ ተጠምዶ ይህ ተራ እውነት መረሳቱ ይገርመኛል።

የሚገኘውም በአቼቶ ነው። ወጥ ቤት ያለው አቼቶ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ ተበጥብጦ በጥጥ የማኅፀን በር ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ቦታው ነጭ ይሆናል። ነጭ ከሆነ በዚያው ቀን፣ በዚያው አልጋ ላይ ማከም ይቻላል፤ «አይቶ ማከም» የሚባለው ስልት ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ የሠራው ክራዮቴራፒ በጋዝ ቅዝቃዜ ቁስሉን የሚገድል ነው፤ ችግሩ የጋዝ ሲሊንደሩ ሲያልቅ ማሽኑ ጌጥ ሆኖ መቆየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያ ያወጣለት ቴርማል አብሌሽን በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በሙቀት የሚያክም መሣሪያ ነው፤ አንዱ ንክኪ ደቂቃ አይፈጅም። መብራት ሄዶ ለሚመጣበት አገር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሰፋ ላለው ቁስል ሊፕ የሚባል፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ የማንሳት ሕክምና አለ፤ እሱ ሆስፒታል ይፈልጋል።

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአንድ ወር ያህል ግንኙነት ይከለከላል። ይህ ትእዛዝ ለባል ካልተነገረ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዓመት ሲሞላ ተመልሳ መታየት አለባት፤ ከታከሙት ውስጥ ከ100 ከ80 እስከ 90 ያህሉ የሚድኑ ቢሆንም ቀሪዎቹን የሚለያቸው ያ ቀጠሮ ብቻ ነው።

አቼቶው ግን ወሰን አለው። ካረጠች ሴት ላይ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ባለሙያዋ የምታየው ያንሳል። የባለሙያዋ ዓይንም ከዓይን ይለያል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ራሱን ቫይረሱን በዲ ኤን ኤ የሚፈልገውን ምርመራ ያስቀድማል። የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ ከመጋረጃ ጀርባ ወይም ከቤቷ መውሰድ መቻሏ ነው። ቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሁለቱን አነጻጽሮ ነበር፦ ራሳቸው ናሙና እንዲወስዱ ከተጠሩት ሴቶች 84 በመቶ ያህሉ ሲመጡ፣ ለአቼቶው ምርመራ ከተጠሩት የመጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። አልጋ ላይ ወጥቶ በማያውቁት ሰው ፊት መገለጥን ለምትሸሽ የደጋ ሴት ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ በየቤቱ ትደርሳለች። ቀሪው ናሙናው ላቦራቶሪ መድረሱና ውጤቱ ተመልሶ እሷን ማግኘቱ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት ከ100 ሦስት እንኳ አልሞሉም። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ሰፍቷል፤ ቢሆንም ምርመራው የተጀመረበት መንገድ ጥላ ጥሎበታል። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አይቶ ማከም ወደ ሀገሪቱ ሲገባ በቅድሚያ የቀረበው ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ሴቶች ነበር። ምክንያቱ የጠራ ነው፦ እነሱ በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ይበልጣል፣ ከቫይረስ ወደ ካንሰር ያለው ጉዞም ወደ አምስትና አሥር ዓመት ያጥራል። ለዚህም ምርመራቸው ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ እንዲደጋገም ይመከራል። ሆኖም በትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ወደዚያ ክፍል ስትገባ ከታየች «እሷም አለባት» የሚል ሐሜት ይከተላታል። ክፍሉን ከእናቶች ክትትልና ከቤተሰብ ምጣኔ አጠገብ ማድረግ ወጪ የለውም።

ኤች ፒ ቪ ክትባትም አለው፤ የተያዘን ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኮስታሪካ የወጣው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ቫይረሱ ያለባቸው ሴቶች ቢከተቡ ቶሎ አልጠፋላቸውም። ክትባቱ ይበልጥ የሚሠራው ግንኙነት ሳይጀመር ሲሰጥ ነው፤ ያኔ የሚያደርገው ደግሞ ትልቅ ነው። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በሙሉ ከተከተቡት ሴቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጥናት አንድም የማኅፀን በር ካንሰር አልተገኘም። ለዚህ ሁሉ መነሻው ቫይረሱን ከካንሰሩ ጋር ያገናኘው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ጀመረች። ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ይሰጥ የተባለው ክትባት በዓለም አቅርቦቱ ስላጠረ ለ14 ዓመቶቹ ብቻ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ፣ በስድስት ወር ልዩነት፣ በዋናነት በትምህርት ቤት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት መዳር በሕግ ቢከለከልም በደቡብ ጎንደር ገጠር 14 ዓመት ለአንዳንዷ ልጅ ከትምህርት ቤት የወጣችበት፣ ለሌላዋም የተዳረችበት ዕድሜ ነው። ወላጆች ዘንድ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬም ነበር፣ አሁንም አለ። ክትባቱ ውስጥ የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት እንጂ ቫይረስ የለም፤ ማኅፀንንም አይነካም። ይህን ከምሁር ይልቅ የራሷን ልጅ ያስከተበች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብትናገረው ይደመጣል።

ኬንያ ውስጥ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት አንድ መርፌ ብቻ ከ97 በመቶ በላይ መከላከሉን ካሳየ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ዶዝ እንደሚበቃ ተቀበለ። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ወደ አንድ ዶዝ ተሻግራ ዘመቻውን ከ9 እስከ 14 ዓመት አሰፋችው። ለአማራ ክልል ይህ በክፉ ጊዜ የመጣ ደግ ነገር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ባለው ውጊያ መንገድ ይዘጋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በስድስት ወር ልዩነት የሚሰጥ ሁለት መርፌ ክፍት የሆነ ትምህርት ቤትና ክፍት መንገድ ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። አንድ መርፌ አንድ ጊዜ።

ካንሰሩ ከተፈጠረም በኋላ «ይድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ካለፈ በጨረርና በኬሞቴራፒ ይታከማል። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ ቀጠሮ የማይጠብቁ ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከማኅፀን በር ከወጣ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተሠራው ግምት በሀገሪቱ በዓመት ከ7,400 በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር ሲያዙ ከ5,300 በላይ ሞተዋል፤ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ያለው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረማያ የተከተሉት በቅርቡ ነው። ከሐሙሲት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወረፋው ወራት ይወስዳል፣ ዘመድ ቤት ማደር ይሰለቻል፣ በሬ ተሽጦ የተያዘው ገንዘብ ጨረሩ ሳይጀመር ያልቃል። በአቼቶና በአንድ ደቂቃ ሙቀት ይታከም የነበረ ቁስል እዚህ ሲደርስ ዋጋው ይህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመታቸው የመጀመሪያውን መርፌ የተወጉት ልጃገረዶች በ2027 ዓ.ም. 30 ዓመት ይሞላቸዋል፤ የምርመራ ዕድሜያቸው ያኔ ነው። በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ያለፋቸው የ14 ዓመት ልጆች ደግሞ ዘመቻው በ2017 ሲመጣ 15 ሞልቷቸው ከዕድሜው ወሰን ወጥተዋል። እነሱን ፈልጎ የሚከትብ ካልተገኘ የቀረላቸው ምርመራው ብቻ ነው፣ እሱም በ2032 ዓ.ም.።